የኋላ ታምቡሮን ወደ ዲስክ ፍሬን መቀየር፦ ሐረጎን ለሚወርድ ዲኤክስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ከገባ መኪና አጠገብ የቆመ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፤ አንዳንዴም ከቸርኬው ቀዳዳ ስስ ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን ያያል፣ "ሞቋል" ይላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። የዲኤክሴን ሞተር ጉልበት ባለው ከቀየርኩ በኋላ ግን አንድ ቀን ሐረጎ ላይ፣ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና ጥምዙን ሲይዝ ፍሬን ስረግጥ፣ ፔዳሉ ሊጥ እንደመርገጥ ሆነብኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ረግጬ ነው የቆመልኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፦ የፍሬን ዘይቱን ከሦስት ዓመት በላይ ሳልቀይረው ቆይቻለሁ፤ የኋላ ታምቡሮዎቹም (ሸራው ከውስጥ እየተገፋ የሚይዛቸው የብረት ከበሮዎች) ተበልተው አልቀው ነበር። የኋላውን ወደ ዲስክ ለመቀየር የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዲኤክስ የምንላትን የኋላ ጎማ ነጂ ኮሮላ በማሰብ ነው፤ በፈረንጆች 1979 መመረት የጀመረችውን፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡሮ ያላትን። የኋላ አክስላቸው ወጥ በሆነ ሌሎች የኋላ ጎማ ነጂ መኪኖች ላይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ከፋብሪካ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት (ኤቢኤስ) ይዘው የመጡ መኪኖችን ግን በዚህ መንገድ አትንኩ።

ዲስክ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ብዙ ሰው የኋላ ዲስክ ሲያስገባ መኪናው በአጭር ርቀት እንዲቆም ይጠብቃል። በቀዝቃዛ ፍሬን፣ በአንድ ርግጫ፣ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ጎማን የሚቆልፍ ታምቡሮ አስፋልቱ የሚፈቅደውን ያህል ይዟል፤ ዲስክ ከዚያ በላይ አይዝም። ዲስክ የሚበልጠው ሙቀት ሲደጋገም ነው።

ቁጥሩን እንየው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሾፌሩን ጨምሮ 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 17 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ያሞቃል። ከባድ ማርሽ ከዚህ ላይ ጥሩ ድርሻ ይወስዳል፣ የነፋሱ ግፊትም የተወሰነ ይይዛል፤ የቀረው በሙሉ በአራት ጎማዎች ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ታምቡሮ ሙቀቱን በሆዱ ይዞ ይቆያል፤ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል፣ ፔዳሉም እየረዘመ ይሄዳል። ዲስክ ግን በግልጽ አየር ላይ ነው፤ ሲሞቅ ቢሰፋም ከግራና ከቀኝ ወደሚይዘው ሸራ፣ ወደ ፓዱ፣ እንጂ ከፓዱ አይሸሽም። በክረምትም ውሃ ከነካው በኋላ ቶሎ ይደርቃል።

ዲስክ የሚያመጣው አደጋም አለ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። 950 ኪሎ በሚመዝን፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በ2.4 ሜትር በሚራራቁ፣ የክብደቱ መሃል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ባለ መኪና ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ 160 ኪሎ ያህል ከኋላ ጎማዎች ላይ ተነስቶ ወደ ፊት ይዛወራል። ያን ጊዜ የኋላ ጎማ ይቀላል፤ የኋላው ፍሬን ከበረታ ቀድሞ ይቆለፋል። የፊት ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው መሪ ባይታዘዝም በቀጥታ ይሄዳል። የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ ግን መኪናው ይዞራል፤ ሐረጎ ላይ የዞረ መኪና ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ዲስክ መግጠሙ አይደለም፤ የፊትና የኋላውን ሚዛን መጠበቁ ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ ቸርኬያችሁን ለኩ። ዲኤክስ ከፋብሪካ የመጣችበት 13 ኢንች ቸርኬ ብዙ የኋላ ካሊፐሮችን (ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቁትን ክፍሎች) አያስገባም። ካሊፐሩ በሚመጣበት ቦታ ከቸርኬው የውስጥ ግድግዳ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ተጠባባቂ ጎማችሁንም ለኩ። አራቱን ጎማ 14 ኢንች አድርጎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ 13 ኢንች ተጠባባቂ ይዞ የሚዞር ሰው፣ የኋላ ጎማው በሌሊት ሲፈነዳ ተጠባባቂው አልገባ ብሎት መንገድ ላይ ያድራል።

ቀጥሎ የዲስኩን ቀዳዳዎች አረጋግጡ። ዲኤክስ በአራት ቡሎን፣ 114.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ነው የምታስረው። የኋለኞቹ የፊት ጎማ ነጂ ኮሮላዎች ዲስክ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይገጥምም፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ማስገባት የሚባለውን ምክርም አትስሙ።

የካሊፐሩን ፒስተን መጠን ሻጩን ጠይቁ፣ ካልነገራችሁ ራሳችሁ ለኩ። የኋላው ፒስተን ከፊተኛው በግልጽ ማነስ አለበት። ለምሳሌ የፊቱ 51፣ የኋላው 34 ሚሊ ሜትር ቢሆን የኋላው ስፋት ከፊቱ 44 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ይህ ለሥራ መነሻ የሚሆን ጤናማ ልክ ነው። "ትልቅ ካሊፐር ይሻላል" ብሎ የፊት ካሊፐርን ከኋላ የሚገጥም ሰው አይቻለሁ፤ መኪናው ላይ አብሬው ለመቀመጥ ፈቃደኛ አልሆንኩም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር ግዙ። የእጅ ፍሬን የሌላቸው ካሊፐሮች ርካሽ ናቸው፤ ጦሳ ተራራ ግርጌ በተሠራች፣ መንገዷ ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት በሆነች ደሴ ግን ያለ እጅ ፍሬን መኪና ማቆም አይታሰብም።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት፦ ሁለት ዲስክ፣ ፓዶች፣ ከአክስሉ ጫፍ ጋር የሚታሰሩ የካሊፐር ማሰሪያ ብረቶች፣ ሁለት አጫጭር የጎማ ቱቦዎች፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ለአክስሉ አዲስ የዘይት ማገጃ ጎማዎች፣ የሚስተካከል የግፊት መመጠኛ ቫልቭ፣ የእጅ ፍሬን ገመዶች እና ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ናቸው። ዘይቱ ዶት 4 ይሁን። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ስለሚጠጡ እያረጁ ሲሄዱ መፍያቸው ይወርዳል፤ ለዶት 3 እስከ 140፣ ለዶት 4 እስከ 155 ዲግሪ ድረስ። የእኔ ፔዳል ሊጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ማፍረስ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎችን በታኮ አስደግፉ፣ የኋላውን በክሪክ አንሱና በብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ በድንጋይና በብሎኬት ላይ የቆመም ያው ነው።

ጎማውን ፈትታችሁ ታምቡሮውን አውጡ። እምቢ ካለ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን አረጋግጡ፣ ከዚያ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ውስጡ ያለውን ትቢያ በኮምፕረሰር አትንፉት። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ትቢያ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። በውሃ አርጥቡት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ጣሉት።

አሁን የብረት ቱቦውን ሸራዎቹን ከሚገፋው የጎማ ሲሊንደር ላይ ፍቱና ጫፉን ወዲያውኑ ድፈኑ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን በውሃ እጠቡ። በአክስሉ ዘንግ ክብ ፊት ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል መፍቻ አስገብታችሁ የጀርባውን ቆርቆሮ የያዙትን አራት ዳዶዎች ፍቱ። ከዚያ ዘንጉ ከነኩሽኔታው ተስቦ ይወጣል፤ ካልወጣ ተንሸራታች መዶሻ ያለው መሳቢያ ከጋራዥ ተዋሱ። በጎን እየመታችሁ አታውጡት፤ ኩሽኔታው ይጎዳል። የዲፈረንሻል ዘይት ትንሽ ሊፈስ ስለሚችል ከሥሩ ሳህን አስቀምጡ።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ ኩሽኔታውን በእጃችሁ አሽከርክሩ። ከጮኸ ወይም ከሻከረ አሁኑኑ ቀይሩት። የዘይት ማገጃ ጎማውን ግን ደህና ቢመስልም ቀይሩ፤ ነገ ቢያፈስ ዘይቱ በቀጥታ ዲስኩና ፓዱ ላይ ነው የሚረጨው።

ሁለት ሚሊ ሜትር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ሸራዎቹን የሚሸከመው የጀርባ ቆርቆሮ ሌላም ሥራ አለው። የሚታሰረው በአክስሉ ጫፍና ኩሽኔታውን በሚይዘው ክብ ብረት መካከል ነው። ኩሽኔታው ከአክስሉ አፍ በትንሹ ወጣ ብሎ ይቀመጣል፤ ያችን የወጣች ልክ የሚሞላው የቆርቆሮው ውፍረት ነው። ቆርቆሮውን አውጥታችሁ በምትኩ የካሊፐር ማሰሪያ ብረት ስታስገቡ፣ በዚያ ቦታ ላይ ያለው ውፍረት ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት። ብረቱ ከወፈረ ያዡ ክብ ብረት ኩሽኔታው ላይ አይደርስም፤ ዘንጉም ከነጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንቀሳቀሳል፣ ዲስኩም አብሮት። መኪናው ጥምዝ በያዘ ቁጥር ዲስኩ ፓዶቹን ይገፋል፤ በሚቀጥለው ርግጫ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ብረቱ ከሳሳ ደግሞ ያዡ ኩሽኔታው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይጣመማል።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ማሰሪያ ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ መሃሉ ላይ ምንም እርከን አልነበረውም። የድሮውን ቆርቆሮ ስለካው ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ይዤ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ቶርኖውን የሚያሠሩት አዛውንት ብረቱን አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ ብረቱን ሳይሆን ልኩን አምጣልኝ" አሉኝ። ተመልሼ ሄጄ የድሮውን ቆርቆሮ፣ ያዡን ክብ ብረትና ዘንጉን ራሱን አመጣሁላቸው። የመሃሉን ክፍል ልክ በድሮው ውፍረት እስኪሆን ድረስ በእርከን ቆረጡልኝ፤ የውጭው ክፍል እንደወፈረ ቀረ። የጥፍር ያህል ብረት እየተላጠ ሲወድቅ ሁሌ እያቆሙ በቨርኒየር ይለኩ ነበር። ሁለቱን ማሰሪያዎች ሲያስረክቡኝ በጣታቸው እርከኑን ዳሰው፣ "አሁን ሸጋ ነው" አሉ።

ማሰሪያውን ስትገጥሙ ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ኩሽኔታውና ያዡ ክብ ብረት በሚገናኙበት ቦታ ላይ የልጆች መጫወቻ ሊጥ በስሱ ቀቡ፣ አራቱን ዳዶዎች አጥብቁ፣ መልሳችሁ ፍቱና ሊጡ ምን ያህል እንደቀረ ለኩ። ሊጡ ተጨፍልቆ ካለቀና ያዡም ማሰሪያው ላይ በደንብ ካረፈ ልኩ ደርሷል። ውፍረት ከቀረ በመካከሉ ስስ ቆርቆሮ ይጨመራል። በመጨረሻም የዘንጉን ፊት በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳቡ፣ ግፉ፤ የሚሰማ እንቅስቃሴ መኖር የለበትም።

ካሊፐሩን ከማሰሪያው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ጭንቅላታቸው ላይ 10.9 የሚል ቁጥር ያለባቸው ይሁኑ። ቁጥር የሌለው የበር ቡሎን እዚህ ቦታ የለውም። ማሰሪያን በአክስሉ ላይ በብየዳ መለጠፍም አይገባም፤ ሙቀቱ አክስሉን ያጣምማል።

ዲስኩና ካሊፐሩ

አዲስ ዲስክ ከዝገት የሚጠብቀው ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። በፍሬን ማጽጃ በደንብ እጠቡት። የዘንጉን ክብ ፊት ደግሞ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ፤ እዚያ የቀረች ትንሽ የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ታጋድለዋለች፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ማጋደሉ በእጥፍ ያድጋል። የዲስኩ መሃል ቀዳዳ በዘንጉ መሃል ላይ ያለ ክፍተት መቀመጥ አለበት፤ ከሰፋ ቶርኖ ቤት ቀለበት አሠሩለት።

ዲስኩን በሁሉም ዳዶዎች አጥብቁና ዳያል ጌጅ (መወዛወዝን የሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ አስደግፉ። አንድ ዙር ሲዞር መወዛወዙ ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ዲስኩን አውጥታችሁ በአንድ ቀዳዳ አዙራችሁ መልሱትና ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ልኩ የሚገኘው በዚህ ነው።

ካሊፐሩን ስትገጥሙ ዲስኩ በካሊፐሩ ቅንፍ መሃል ለመሃል ማለፍ አለበት። ግራና ቀኙን ለኩ፤ ከተዛነፈ በማሰሪያውና በቅንፉ መካከል እኩል ሮንዴላ ጨምሩ። ተንሸራታች ፒኖቹን በፍሬን ግሪስ ቀቡ፤ ተራ ግሪስ የፒኖቹን የጎማ ሽፋኖች ያሳብጣል።

ከዚያ አየር የሚወጣባቸውን ማስተንፈሻ ቡሎኖች ተመልከቱ። ሁለቱም ከካሊፐሩ አናት ላይ መሆን አለባቸው። እኔ ግራና ቀኙን አቀያይሬ ገጥሜ ሁለት ጠርሙስ ዘይት ጨርሻለሁ፤ አየር ከላይ ይሰበሰባል፣ ማስተንፈሻው ከሥር ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ብቻ እየወጣ አየሩ ይቀራል። ካሊፐሮቹ መንትያ ስለሚመስሉ በእጅ ይዞ መለየት ያስቸግራል፤ ማስተንፈሻው ወደ ሰማይ ከዞረ ትክክል ነው።

ቱቦ፣ ማስተርና ቫልቭ

ካሊፐር ስለሚንሸራተት ከብረት ቱቦው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ መሆን አለበት። አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድም ሲወጣም ቱቦው እንዳይሳብ፣ ከጎማውም ከጭስ ማውጫውም እንዳይነካካ በእጃችሁ እያንቀሳቀሳችሁ አረጋግጡ። ዝቅ የተደረገ መኪና ያላችሁ በተለይ ይህን አትለፉት። ከካሊፐሩ ጋር በሚያያዝበት ቡሎን ግራና ቀኝ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይገባል፤ አሮጌው አንዴ ተጨፍልቋልና ያፈሳል። አዲስ የብረት ቱቦ የምታሠሩ ከሆነ አፉ በድርብ መታጠፍ አለበት፤ በነጠላ የታጠፈ አፍ በፍሬን ግፊት ይሰነጠቃል። ለማቀዝቀዣ የሚሠራ ተራ የመዳብ ቱቦ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

የታምቡሮ ፍሬን ያላቸው ብዙ ማስተሮች (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፉት ዋና ሲሊንደሮች) በኋላው መውጫ ላይ ግፊት አስቀሪ ቫልቭ አላቸው። ሥራው ሸራዎቹ ከታምቡሮው እንዳይርቁ ትንሽ ግፊት ማስቀረት ነው። ለዲስክ ይህ በሽታ ነው፤ ፓዱ ሁልጊዜ ዲስኩን እያሸ ይሄዳል። ማስተራችሁ ካለው ይውጣ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ፈትኑት፦ ጎማው በአየር ላይ እያለ ፍሬን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ካልዞረ ማስተንፈሻውን ክፈቱ። ሲከፈት ወዲያው ከተለቀቀ ግፊት የታሰረበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ወይ ቫልቩ አለ ወይ የማስተሩ ዘንግ ረዝሟል።

ካሊፐር ከጎማ ሲሊንደር የበለጠ ዘይት ስለሚፈልግ ፔዳሉ ሊረዝም ይችላል። ከአየር ነጻ ሆኖም ፔዳሉ ከግማሽ በታች ከወረደ የማስተሩ ስፋት ማደግ አለበት። ከ20.6 ወደ 22.2 ሚሊ ሜትር ስትሸጋገሩ የሚገፋው ዘይት በ16 በመቶ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ እግራችሁም የበለጠ መግፋት አለበት። እዚህ ላይ ደሴ የራሷ ነገር አላት። የፍሬኑን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተራችሁ ላይ ኃይለኛ ካም (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) ካስገባችሁ ደግሞ በዝግታ ሲሠራ የሚስበው ቫኪዩም የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ ማስተሩን ያለ ልክ አታስፉ፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንባችኋል።

የግፊት መመጠኛ ቫልቩ የሚገባው ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ ነው። የፊቱን መስመር መቼም አይንኩት። ሾፌሩ ሳይወርድ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ሳይሆን ኮፋኖው ሥር ይታሰር፤ በጉዞ ላይ የሚነካካ ነገር አይደለም። ሥራውን ስትጀምሩ ወደ ኋላ ትንሹን ግፊት በሚያሳልፍበት ልክ ላይ አድርጉት።

አየር ማስወጣት

ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምሠራው። እሱ ጋቢና ተቀምጦ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይረግጥና ይይዛል፣ "ያዝኩ!" ይላል። እኔ ከሥር ማስተንፈሻውን ሩብ ዙር እከፍታለሁ። ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በተነከረው ግልጽ ቱቦ በኩል መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ትላልቅ አረፋ፣ ቀጥሎ እንደ ሰናፍጭ ያሉ ጥቃቅኖች፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ቢጫ ዘይት። እሱ ፔዳሉ ሲወርድ "ወረደ!" ይላል፤ እኔ ዘግቼ "ልቀቅ!" እላለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ ከቃሉ አንዳችን እንኳን አንቀድምም።

ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። በየአምስት ስድስት ርግጫው የማስተሩን ዕቃ ሙሉ። ባዶ ከሆነ ሁሉንም እንደገና ነው።

የእጅ ፍሬን

የእጅ ፍሬን ያላቸው ካሊፐሮች ፓዱ በተበላ ቁጥር ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ይህ የሚሆነው ግን በካሊፐሩ ላይ ያለው ማንሻ ሲለቀቅ እስከ ማረፊያው ድረስ ከተመለሰ ብቻ ነው። ገመዱን ቀድሞ አጥብቆ ካሰራችሁ ማንሻው ሁልጊዜ ትንሽ እንደተነሳ ይቀራል፤ ካሊፐሩ ራሱን አያስተካክልም፣ ፔዳሉም ይረዝማል። ሰው ይህን አየር ነው ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስወጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ገመዱ ሳይገናኝ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ፓዶቹ ዲስኩን ይያዙ፤ ማንሻዎቹን በእጅ ደጋግማችሁ ሳቡ፤ ከዚያ ገመዱን አገናኙና ማንሻው ማረፊያውን ሳይለቅ ልሉን ብቻ አጥፉ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ መመለስ ካስፈለገ ብዙዎቹ የሚገቡት እየተሽከረከሩ እንጂ በመጫን አይደለም፤ በሞርሳ ከጨመቃችሁት የውስጡ ጥርስ ይሰበራል።

ፈተናው ዳገት ላይ ነው፤ አንዴ አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ ማርሽ ሳይገባ። ሁለቱንም መያዝ አለባት። የጋለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የያዘው ፍሬን ሊላላ እንደሚችልም እወቁ። ሐረጎን እንደወረዳችሁ ስታቆሙ ማርሽ አስገቡ፣ ታኮም አድርጉ።

ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ ሐረጎ ላይ አይደለም። ኮምቦልቻ በኩል ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ፈልጉ፤ በማለዳ ይሻላል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሦስት ጊዜ ቁሙ፣ ወርዳችሁ የሚያፈስ ነገር እንዳለ እዩ። ቀጥሎ ፓዶቹ ከዲስኩ ጋር እንዲላመዱ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስምንት አሥር ጊዜ ያህል አቀዝቅዙ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ፣ በየመካከሉም ትንሽ ንዱ። ከዚያ ሳትረግጡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ አብርዱት።

አሁን ሚዛኑ ይስተካከል። በመኪናው ውስጥ ሾፌሩ ብቻ ይሁን፣ ነዳጁም ትንሽ ይሁን፤ የኋላው በጣም የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው መንገድ ዳር ርቆ ቆሞ ጎማዎቹን ይመልከት። በ40 ኪሎ ሜትር ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፤ የትኛው ጎማ ቀድሞ ተቆለፈ? የፊቱ ከሆነ ለኋላው በቫልቩ ትንሽ ጨምሩና ድገሙ። የኋላው ቀድሞ ሊቆለፍ በተቃረበበት ልክ አቁሙ፣ ከዚያም ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት መልሳችሁ ቀንሱለት። ዝናብ ሲዘንብ በርጥብ መንገድ እንደገና ፈትኑ። ለዓመታዊ ቦሎ ምርመራ ስትሄዱ የፍሬን መፈተሻ ሮለር ያለበት ቦታ ካጋጠማችሁ የግራና የቀኙን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት የታሰረ ፒን ወይም ዘይት የነካው ፓድ አለ ማለት ነው።

ሐረጎን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወርዱ እንደ ቀድሞው በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ዲስክ ገባ ተብሎ ማርሽ አይተውም። ከታች ስትደርሱ የእጅ ፍሬን ሳትይዙ ሜዳ ላይ ቁሙና እጃችሁን ሳትነኩ ከየቸርኬው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ አስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቢሞቁ ትክክል ነው። ከሁለቱ የኋላዎች አንዱ ብቻ ከጋለ ግን ያ ካሊፐር አልተለቀቀም፤ ሳይፈታ ወደ ደሴ አትመለሱ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በ103 ኒውተን ሜትር፣ የካሊፐር ቡሎኖቹን ደግሞ የዕቃው ወረቀት በሚያዝዘው ልክ በቶርክ መፍቻ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ የማስተሩን ዕቃ የዘይት ልክም ምልክት አድርጋችሁ በሳምንቱ ተመልከቱት።